ቁጥሩ ላይ የሚፈርመው ማን ነው?

የፍሬሽማን ዓመቱን የጨረሰ ወጣት የትምህርት ክፍል ምርጫውን ከመሙላቱ በፊት ከአባቱ እህት ጋር የተነጋገረው ነው። አክስቱ ኬሚስት ናቸው። በስኳር ፋብሪካ ላብራቶሪ ሥራ ጀምረው፣ ዛሬ የምግብና የውሃ ናሙና የሚመረምር ላብራቶሪ ይመራሉ።

ተማሪ፦ እትዬ፣ እስከ ዓርብ ዲፓርትመንት ሙሉ ተብለናል። ኬሚስትሪን ስንተኛ ላይ እንደማደርገው ቸግሮኛል። ቤት ውስጥ ያልተቃወመኝ የለም፤ «ኬሚስትሪ ተምሮ ከአስተማሪነት ሌላ ምን ይገኛል?» ነው የሚሉኝ።

አክስት፦ አስተማሪነትን እንዲህ አቃለው ሲያወሩ ያመኛል፤ እመለስበታለሁ። ቤተሰቡን ለጊዜው ተወውና አንተስ ምን ትላለህ? አስራ ሁለተኛ ክፍል ሳለህ ከኬሚስትሪ ደብተር አትለይም ነበር።

ተማሪ፦ ጥያቄ መሥራት ደስ ይለኛል። ሞል ማስላት፣ እኩልታ ማመጣጠን፣ የመሳሰለው። በፈተናም ጥሩ ነው የማመጣው። ላብ ግን አናውቅም። ሃይስኩልን ላቡ እንደተቆለፈ ነው የጨረስነው። ፍሬሽማን ላይም ኮርሱን በሌክቸር ነው የወሰድነው።

አክስት፦ እንግዲያው ኬሚስትሪን በግማሽ ነው የምታውቀው፤ ግማሹን አይተህ ስለ ሙሉው ልትወስን ነው። ትናንት የሠራነውን ልንገርህ።

ከገበያ የተገዛ ጨው መጣልን። ከአፍዴራ የመጣ ነው፤ ከረጢቱ ላይ «አዮዲን ያለው» ይላል። ይኑረው አይኑረው በዓይን አይለይም፣ በምላስም አይታወቅም። 10 ግራም መዝነህ በውሃ ታሟሟዋለህ። ትንሽ ሰልፈሪክ አሲድ፣ ቀጥሎ ፖታሺየም አዮዳይድ ትጨምርበታለህ። ጨው ውስጥ አዮዴት ካለ ፈሳሹ ቢጫ ይሆናል፤ አዮዲን ወጣ ማለት ነው። ፍላስኩን ከድነህ 10 ደቂቃ ያህል ጨለማ ውስጥ ታቆየዋለህ፤ ብርሃንና አየር ካገኘው የጨመርከው አዮዳይድ ራሱ ወደ አዮዲን እየተለወጠ ቁጥሩን ያበላሽብሃል። ከዚያ ከቡሬቱ ሶዲየም ታዮሰልፌት ጠብ እያደረግህ በሌላ እጅህ ፍላስኩን ታሽከረክራለህ። ቢጫው ሲገረጣ፣ ያኔ ብቻ፣ ስታርች ትጨምራለህ። በአንዴ ይጠቁርና ሰማያዊ ይሆናል። ከዚህ በኋላ እጅ መፍጠን የለበትም። ሰማያዊው እየሳሳ፣ እየሳሳ ይሄዳል፤ በመጨረሻ በአንዲት ጠብታ ቀለሙ ድራሹ ይጠፋል። እዚያ ላይ ታቆማለህ። ጎንበስ ብለህ ዓይንህን ከፈሳሹ ወለል ጋር ትክክል አድርገህ ቡሬቱን ታነባለህ።

ተማሪ፦ ይኼማ ቲትሬሽን ነው፤ ለፈተና ስንቱን ሠርቻለሁ።

አክስት፦ አንተ የሠራኸው ስሌቱን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። ታዮሰልፌቱ 0.005 ሞላር ከሆነ፣ ያፈሰስከው እያንዳንዱ ሚሊ ሊትር በኪሎ ጨው 10.6 ሚሊ ግራም ያህል አዮዲን አለ ይልሃል። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ሰው ቤት የደረሰ ጨው ቢያንስ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ይኑረው ይላል። አሁን እንግዲህ አስብ። አንዲት ጠብታ 0.05 ሚሊ ሊትር ገደማ ናት፤ ይህ በኪሎ ግማሽ ሚሊ ግራም ማለት ነው። ስታርቹን ቀድመህ ከጨመርክ አዮዲኑን ይዞ አልለቅ ስለሚል ማቆሚያው ያልፍሃል። ታዮሰልፌቱ ቆይቶ ከደከመ፣ ብዙ ስለሚፈስ ጨው በእርግጥ ካለው በላይ አዮዲን ያለው ይመስላል። ናሙናውን ከከረጢቱ አፍ ብቻ ዘግነህ ከሆነም፣ ከታች ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል። ይህ ሁሉ አልፎ ወረቀቱ ላይ 14.8 ተጻፈ እንበል። አለፈ ወይስ ወደቀ? ይህን የሚመልሰው ቁጥሩ ላይ የሚፈርመው ሰው ነው። ያንን ጨው ነፍሰ ጡር ወጥ ትሠራበታለች። አዮዲን ሲያንስ የሚመጣው እንቅርት ብቻ አይደለም፤ የፅንሱ አእምሮ ይጎዳል።

ተማሪ፦ የትናንቱ ምን ሆነ?

አክስት፦ የትናንቱ በደንብ አለፈ። እንዲህ ዳር ላይ የቆመ ቁጥር ሲመጣ ግን ወዲያው አንፈርምም። ብላንክ እንሠራለን፤ ጨው የሌለበትን ውሃ በዚያው ሁሉ ደረጃ አሳልፈን ከኬሚካሎቹ ብቻ ምን እንደሚወጣ እናያለን። ታዮሰልፌቱን ከሚታወቅ ስታንዳርድ ጋር እናመሳክረዋለን። ሌላ ሰው እንዲደግመው እናደርጋለን። ኬሚስትሪ ተምረህ የምትወጣው ዋናው ነገር ይኼ ነው ብዬ አምናለሁ፤ «ይህን ቁጥር በምን አወቅህ?» ስትባል የምትመልሰው ነገር መኖሩ።

ተማሪ፦ እሺ፣ ያንን ለማግኘት የትኛውን ልግባ? ሲኒየሮቹ የሚነግሩኝ ይለያያል። አንዱ «ንጹህ ኬሚስትሪ ይቅርብህ፣ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ግባ» ይላል። ጓደኛዬ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኢንደስትሪያል ኬሚስትሪ ይዛለች። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ደግሞ አፕላይድ ኬሚስትሪ ነው የሚሉት። እማዬ ፋርማሲ ትላለች።

አክስት፦ የእናትህን ላስቀድም። ፋርማሲ የተከበረ ሙያ ነው፤ ኬሚስትሪም አለበት። ግን መሐሉ ላይ ያለው ሕመምተኛው ነው። ይህ መድኃኒት ከዚያኛው ጋር ሲወሰድ ምን ያመጣል፣ ለሕፃን ስንት ይሰጣል፣ የኩላሊት በሽተኛስ? ይህ የሚስብህ ከሆነ ሂድ። ለእናትህ ደስታ ብለህ ብቻ ከሆነ ግን ብዙ ዓመት ነው፤ ይከብድሃል።

ኬሚስትሪንና ኬሚካል ኢንጂነሪንግን የሚያምታታ ብዙ ሰው አለ፤ እሱን ከፋብሪካው ልንገርህ። አገዳው ተጨምቆ ጭማቂው ሲወርድ ከላብ የሚላክ ልጅ በየሰዓቱ ናሙና ይዞ ይመጣል። በሪፍራክቶሜትር ብሪክሱን ታያለህ፤ ጭማቂው ውስጥ የሟሟ ጠጣር በሙሉ ስንት ፐርሰንት እንደሆነ። በፖላሪሜትር ፖሉን ታያለህ፤ ስኳር በውስጡ የሚያልፈውን ብርሃን ስለሚያዞረው፣ ካዞረው መጠን ተነስተህ ስኳሩን ታውቃለህ። ፖሉን ለብሪክሱ ስታካፍለው የጭማቂው ንጽሕና ይወጣል። አንድ ሌሊት ንጽሕናው ወረደ እንበል። አገዳው ከተቆረጠ በኋላ ሜዳ ላይ ብዙ ቆይቶ ይሆን? ሱክሮሱ ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ እየተሰበረ ይሆን? የሚጨመረው ኖራ አንሶ ጭማቂው አሲድነቱ በዝቶ ይሆን? ይኼ የኬሚስቱ ጥያቄ ነው፤ እዚያ ውስጥ ምን እየሆነ ነው?

ኢንጂነሩ ያንኑ ጭማቂ በሌላ ዓይን ያየዋል። በሰዓት ስንት ቶን ይገባል? በስንት ዲግሪ ይሞቃል? ከአንዱ ኢቫፖሬተር የወጣው እንፋሎት ሁለተኛውን እንዲያሞቅ ምን ያህል ግፊት ይኑር? የትኛው ፓምፕ፣ የስንት ኢንች ቧንቧ? አምስት ዓመት የሚማረው ይህንን ነው፤ ሙቀት እንዴት እንደሚሸጋገር፣ ፈሳሽ እንዴት እንደሚፈስ፣ ፕሮሰሱን እንዴት እንደሚቆጣጠሩት፣ ፕላንቱ እንዴት እንደሚነደፍ። ኬሚስትሪ ይማራል፣ ግን ከኬሚስትሪው ሒሳቡና ፊዚክሱ ይበዛል። ሁለቱ ተጣልተው ያየሁበት ፋብሪካ ሥራው ይበላሻል፤ ሲስማሙ ግን ሌሊቱን ሙሉ አንድ ችግር ላይ ቆመው ሲነጋገሩ መስማት ያስደስታል።

ተማሪ፦ ኢንደስትሪያሉና አፕላይዱስ?

አክስት፦ በሁለቱ መሐል ናቸው። መሠረቱ ኬሚስትሪ ነው፤ በዚያ ላይ የፋብሪካ ሥራ፣ የጥራት ቁጥጥር፣ የሲሚንቶ፣ የሳሙና፣ የቀለም፣ የቆዳ ዓይነት ኮርስ ይጨመርበታል፣ ኢንተርንሺፕም ይኖራል። ሥራ ቶሎ መያዝ ለሚፈልግ መልካም ነው። ከንጹሁ ኬሚስትሪ የሚለየው ግን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ሁለቱም ጋ አናሊቲካል፣ ኦርጋኒክ፣ ኢንኦርጋኒክና ፊዚካል ኬሚስትሪ ትወስዳለህ። ንጹሁ ላይ ፊዚካሉና ኦርጋኒኩ ጠለቅ ይላል፤ ወደ ማስተርስና ዶክትሬት ለመሄድ ያ ይጠቅማል። ስለዚህ ዲግሪው ላይ የሚጻፈው ስም ብዙ አያስጨንቅህ። ካሪኩለሙን አውጣና ስንት የላብ ኮርስ አለው፣ እያንዳንዱስ በሳምንት ስንት ሰዓት ነው የሚለውን ቁጠር።

አሜሪካ ያለው የአጎትህ ልጅ ኮሌጅ ሲመርጥ ያየነው ይህንኑ ነበር። የአሜሪካ ኬሚካል ሶሳይቲ የሚያውቃቸው ፕሮግራሞች አሉ። ማኅበሩ የተማሪውን ዲግሪ ለማጽደቅ፣ ከመግቢያው ኮርስ ሌላ 400 የላብራቶሪ ሰዓት ለብዙ ዓመታት ይጠይቅ ነበር። 400 ሰዓት የሌክቸር አይደለም፤ ተማሪው በገዛ እጁ የሚሠራበት። በዚያው አገር አንዳንዱ ኮሌጅ በኬሚስትሪ ሁለት ዓይነት ዲግሪ ይሰጣል፤ አንዱ ለምርምር የሚያዘጋጅና ላብ የሚበዛበት፣ ሌላው ላላ ያለና ከሕግ፣ ከንግድ ወይም ከሕክምና ዝግጅት ጋር የሚሄድ። ሁለተኛው መጥፎ አይደለም፤ ግን የተሠራው ለሌላ መንገድ ነው።

ተማሪ፦ እኛ ጋ ወረቀት ላይ ያለው ሰዓትና የሚሠራው ሰዓት አንድ አይደለም፣ እትዬ። ሲኒየሮቹ ሪኤጀንት አልቋል ይባላል፣ መምህሩ ዲሞንስትሬሽን ያሳያል፣ እኛ ሪፖርት ከሌላው እየገለበጥን እንጽፋለን ብለውኛል።

አክስት፦ አውቃለሁ። ተመራቂ ሲመጣልኝ እኮ አየዋለሁ። ፒፔት ስትሰጠው ጣቱን የት እንደሚያደርግ አያውቅም። ልጁ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። አንድ ቡሬት ከበው ብዙ ሆነው ቆመው፣ ጠብታውን ሳያይ ነው የተመረቀው። ይህ የሚያሳዝነኝ በጣም ነው፤ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የቆየን ልጅ ዋናውን ነገር ነጥቆ ዲግሪ መስጠት ነው። አሲድና ቤዝ ውድ አይደሉም። ለአንድ ቲትሬሽን የሚፈጀው ኬሚካል ትንሽ ነው። ውድ የሆኑት ኤችፒኤልሲና ኤንኤምአር የሚባሉት ማሽኖች ናቸው፤ የእነሱን እጥረት ለቡሬቱ እጥረት ምክንያት ማድረግ አይገባም።

ይህ ብቻውን ግን እንዲያስቀርህ አልፈልግም። ቆራጥ ተማሪ በዚያው ውስጥ እጁን ያሠራል። የላብ ቴክኒሻኑን ቅረበው፤ ሶሉሽን ሲያዘጋጅ ላግዝ በለው። ከመምህሩ ይልቅ ብዙ የእጅ ሥራ የምትማረው ከሱ ነው። ኢንተርንሺፕ ስትወጣ ወረቀት ማኅተም አስደርጎ መመለስ ሳይሆን፣ ከማሽኑ አጠገብ ቆመህ ዋል። የመመረቂያ ፕሮጀክትህን ደግሞ ከሰው ወረቀት የሚገለበጥ አታድርገው፤ ናሙናውን ራስህ ሄደህ የምታመጣው ይሁን።

ተማሪ፦ ምን ዓይነት?

አክስት፦ ለምሳሌ ውሃ። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ፣ ከመቂ ጀምሮ ወደ ዝዋይ፣ ወደ ሻላ ስትወርድ፣ ከእሳተ ገሞራ የመጣው ዐለት የከርሰ ምድሩን ውሃ ፍሎራይድ ይሞላዋል። የዓለም ጤና ድርጅት በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አይለፍ ይላል። ከዚያ የሚበልጥ ጉድጓድ እዚያ አካባቢ ሞልቷል። ልጆቹ ጥርሳቸው ይቦረቦራል፣ ይጠቁራል፤ ብዙ ዓመት የጠጡት ደግሞ አጥንታቸው ይጎዳና ወገባቸው አልታጠፍ ይላል።

አንዲት ተመራቂ ለፕሮጀክቷ የዚያን ውሃ ይዛ ላባችን መጥታ ነበር። ናሙናውን በፕላስቲክ ጠርሙስ ነው ያመጣችው፤ ፍሎራይድ ከብርጭቆ ጋር ስለማይስማማ። ይህንን ማወቋ ብቻ ደስ አለኝ። በኤሌክትሮድ ስትለካው ግን የአንዱ ጉድጓድ ውሃ በሁለት ቀን ሁለት የተለያየ ቁጥር ሰጣት፤ ልዩነቱም ቀላል አልነበረም። ሌላ ተማሪ ቢሆን የወደደውን መርጦ ይጽፍ ነበር። እሷ ሁለቱንም ይዛ መጣች። የላብ ደብተሯን ገልጠን ስናይ፣ በመጀመሪያው ቀን ማስተካከያ ቡፈሩን እንደጨመረች ጽፋለች፤ በሁለተኛው ቀን አልተጻፈም። ቡፈሩ ከሌለ ውሃው ውስጥ ያለው አሉሚኒየምና ብረት ፍሎራይዱን ይዘው ያስቀሩታል፤ ኤሌክትሮዱ የሚያየው ደግሞ ነፃውን ብቻ ነው። አነሰ የተባለው ቁጥር ሐሰት ነበር። በዚያ ቁጥር ቢፈረም ኖሮ ሰው «ደህና ነው» ተብሎ ያንን ውሃ ይጠጣ ነበር።

ተማሪ፦ ደብተሩ ነዋ ያወጣት።

አክስት፦ ደብተሩ ነው። በእስክሪብቶ ይጻፋል፣ ገጹ ቁጥር ይኖረዋል፣ የተሳሳተ ቁጥር በአንድ መስመር ይሰረዛል እንጂ አይፋቅም፣ ገጽም አይቀደድም። የሠራኸውን በሠራህበት ሰዓት ትጽፋለህ፤ ማታ ዶርም ገብተህ አይደለም። ይህን የለመደ ሰው ባንክ ቢገባ፣ ጉምሩክ ቢገባ፣ ፖሊስ ፎረንሲክ ቢገባ ይፈለጋል። ልጅቷ በኋላ ሌላ ነገር ደግሞ ሠራች፤ ውጤቱን ለወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት በአማርኛ በአንድ ገጽ ጻፈችላቸው። የትኛው ጉድጓድ ለመጠጥ ይሁን፣ የትኛው ለልብስና ለከብት ይዋል፣ በተቃጠለ አጥንት ማጣራት እንዴት እንደሚቻል። ከፕሮጀክቱ ሁሉ የከበዳት ይህቺ አንድ ገጽ እንደነበረች ነግራኛለች። ኬሚስትሪ የሚያውቅ ሰው ያወቀውን ኬሚስትሪ ለማያውቅ ሰው መንገር ካልቻለ ቁጥሩ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ተማሪ፦ ኮምፒውተሩስ? አሁን ሁሉም ሰው ዳታ፣ ፕሮግራሚንግ ነው የሚለው።

አክስት፦ ያስፈልጋል። ቢያንስ በኤክሴል ካሊብሬሽን ከርቭ መሥራትና ስህተቱን ማስላት፣ ከቻልክ ፓይተን። ስታትስቲክስ ከተሰጠህ ከልብህ ተማረው።

ተማሪ፦ እኔን የሚያስፈራኝ ኦርጋኒክ ነው። ሽምደዳ ነው ይላሉ።

አክስት፦ የሚሸመድደው ሰው ነው የሚለው። እንዶድን ታውቃለህ?

ተማሪ፦ ልብስ የሚታጠብበት።

አክስት፦ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ዶክተር አክሊሉ ለማ ሴቶቹ በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አየ። ቢልሃርዝያን የሚያመጣው እነዚህ ውስጥ የሚያድግ ትል ነው። አክሊሉ ኬሚስት አልነበረም፤ የጥገኛ ተውሳክ ሊቅ ነበር። ማየቱ የሱ ነው። ከዚያ በኋላ ግን «ከፍሬው ውስጥ የሚገድለው የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ መጣ፤ ይኼ የኬሚስት ጥያቄ ነው። ፍሬው ይፈጫል፣ በሚያሟሟ ፈሳሽ ይወጣል፣ ክፍል በክፍል ይለያያል፣ እያንዳንዱ ክፍል ቀንድ አውጣ ላይ ይሞከራል፣ የገደለው እንደገና ይለያያል። የተገኙት ሳፖኒኖች ናቸው፤ አረፋ የሚሰጡትም እነዚሁ ናቸው፤ አንዱም በስሙ ለማቶክሲን ተብሏል። አክሊሉና አብሮት የሠራው ለገሠ ወልደዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተውበታል።

ኦርጋኒክ ማለት ይህን የሚያስችልህ ነው። ሞለኪዩሉ አንድ ጫፉ ውሃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ስብ ይወዳል፤ ስለዚህ ያጥባል፣ የሴልን ሽፋንም ይበጥሳል። ይህ አንዴ ከገባህ የምትሸመድደው የለም። ፕሮፌሰር ኤርምያስ ዳኜ በእኛው አገር እሬት፣ ዕጣንና ከርቤ ላይ የሠሩትን ስታነብ፣ እናትህ ቤት ውስጥ የምታጨሰው ነገር ስንት ሞለኪዩል እንደያዘ ትደነቃለህ። በኤንኤምአር እያንዳንዱ ሃይድሮጅን አጠገቡ ማን እንዳለ ይነግራቸዋል፤ ከዚያ መልኩን ይገጣጥሙታል። ይህን የሚሠሩ ሰዎች አራት ኪሎ የሳይንስ ፋኩልቲ ውስጥ ነው ያደጉት፤ ከባህር ማዶ ሲመለሱም እዚያው አስተምረዋል። የኢትዮጵያ ኬሚካል ማኅበር መጽሔትም እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ዓለም የሚያነበው ሆኗል።

ተማሪ፦ ስለ አስተማሪነቱ እመለስበታለሁ ብለው ነበር።

አክስት፦ አዎ። ትምህርት ቤትህ ላቡ ተቆልፎ ነበር ያልከኝን አልረሳሁም። ለምን የተቆለፈ ይመስልሃል? ዕቃ ስለሌለ ብቻ አይደለም። ቁልፉን የያዘው አስተማሪ ራሱ ላብ ውስጥ ሳይሠራ የተመረቀ ስለሆነ ይፈራል፤ አሲድ ቢደፋ፣ ልጅ ቢቃጠል ብሎ ይፈራል። እጁ የለመደ አስተማሪ ዕቃ ባይኖረውም መላ አያጣም። ቀይ ጥቅል ጎመን ቀቅሎ ውሃውን በብርጭቆዎች ያከፋፍላል። በአንዱ ሎሚ ሲጨምቅ ሮዝ ይሆናል፤ በሌላው ያጠለለውን የአመድ ውሃ ሲጨምር ይለመልማል፣ አረንጓዴ ይሆናል። ከዚያ «ለምን?» ይላል። እዚያ ክፍል ውስጥ ካሉት ልጆች አንዷ ያንን ለምን ይዛው ትሄዳለች። ዲግሪህን ከያዝክ በኋላ የአንድ ዓመት የማስተማር ዲፕሎማ ወስደህ ሁለተኛ ደረጃ መግባት ትችላለህ። ደመወዙ የሚገባውን ያህል አይደለም፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ግን ከአስተማሪነት «ሌላ ምን ይገኛል» ሲሉህ፣ አስተማሪው ባይኖር ኬሚስት ከየት እንደሚመጣ ጠይቃቸው።

ተማሪ፦ ሥራውስ ይገኛል? የመውጫ ፈተናውም አለ።

አክስት፦ የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ 50 ከመቶ ማምጣት ነው። እየተማርክ ከሄድክ አይከብድህም። ሥራ ግን ቶሎ ይገኛል ብዬ አልዋሽህም። ተመርቀው ቤት የሚቀመጡ አሉ። ማስታወቂያ ስትፈልግ «ኬሚስት» የሚለውን ብቻ አትፈልግ፤ የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ፣ የላብራቶሪ ባለሙያ፣ የምርት ተቆጣጣሪ እያሉ ነው የሚያወጡት። ቢራ ፋብሪካ፣ የታሸገ ውሃ፣ ዘይት፣ ቀለም፣ ሲሚንቶ፣ መድኃኒት ፋብሪካ፣ ሞጆ ያሉት የቆዳ ፋብሪካዎች፣ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን፣ የውሃና ፍሳሽ ድርጅት። ቆዳው ላይ ብቻ ብዙ ሥራ አለ፤ በክሮም የሚለፋ ቆዳ ፍሳሹ ወንዝ ከመግባቱ በፊት ክሮሙ መለካትና መያዝ አለበት፣ ያ ደግሞ በየቀኑ የሰው እጅ ይፈልጋል።

እኔ ሰው ስቀጥር ጂፒኤውን አያለሁ፤ ከዚያ ግን የምጠይቀው ሌላ ነው። «የትኛውን መሣሪያ በእጅህ ነክተሃል? የሠራኸው ነገር ያልተሳካበትን ቀን ንገረኝ፤ ምን አደረግህ?» ይኼኛውን በዝርዝር የሚነግረኝ ልጅ፣ ውጤቱ መካከለኛ ቢሆንም እወስደዋለሁ። ሁሉ ነገር ተሳክቶልኛል የሚለኝን እፈራዋለሁ።

ተማሪ፦ እንግዲያው አንደኛ ኬሚስትሪ፣ ሁለተኛ ኬሚካል ኢንጂነሪንግ ላድርግ?

አክስት፦ ስለ ስኳሩ ስነግርህ የትኛው ነው በልብህ የቀረው? ኢቫፖሬተሩ ወይስ የወረደው ንጽሕና?

ተማሪ፦ ንጽሕናው። አገዳው ሜዳ ላይ ሲቆይ ውስጡ ምን እንደሚሆን አሁንም እያሰብኩት ነው።

አክስት፦ እንዲያ ከሆነ ቅደም ተከተልህ ልክ ነው። ግን ከመሙላትህ በፊት ሐሙስ ጠዋት ኬሚስትሪ ሕንፃው ሂድ። የሁለተኛ ዓመት አናሊቲካል ላብ ካላቸው በር ላይ ቆመህ እይ፤ አይከለክሉህም። ቴክኒሻኑን አግኝና አንድ ሴሜስተር ላይ ስንት ሙከራ እንደሚሠራ፣ አንድ ቡሬት ለስንት ተማሪ እንደሚደርስ ጠይቀው። ተማሪዎቹ ራሳቸው ከሠሩ ያልከውን ሙላ። መምህሩ ብቻ እየሠራ እነሱ የሚያዩ ከሆነ ማታ ደውልልኝ፤ ጓደኛህ ወዳለችበት ዩኒቨርሲቲ ዝውውር እንዴት እንደሚጠየቅ እናጣራለን።

ተማሪ፦ ሐሙስ ላብ ባይኖራቸውስ?

አክስት፦ ያኔ ሦስተኛ ዓመት ከሚማሩት አንዱን ያዝና የላብ ደብተሩን አሳየኝ በለው። ሁለት ገጽ ካነበብክ ይበቃሃል።